አባ ጎርጎርዮስ፤ የድካማቸውን ውጤት ሳያዩ ያለፉ የቋንቋ መምህር

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቋንቋ ትምህርቱን ፈጽሞ ፈተናውን ከጻፈ በኋላ፣ ከፈተናው ይልቅ የሚያስጨንቀው ውጤቱን መጠበቁ ነው። ወረቀቱ በምን ዓይነት ሚዛን እንደ ታረመ አያውቅም፤ የሳተውም ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ከሳምንታት በኋላ ከመታወቂያ ቁጥሩ አጠገብ አንዲት ፊደል ተጽፋ ያገኛል፤ በዚያችው ፊደል ቋንቋውን ያውቃል ወይም አያውቅም ተብሎ ይሰናበታል። ይህ አሠራር በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነውና። ቋንቋን መማርና በቋንቋ መፈተን ግን ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ነገር ነው።

ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ ለአንባቢያን የምናቀርብላቸው አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ነገር ልዩ ዕድል የገጠማቸው ሰው ናቸው። ካረፉ ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ የሊቅነት ወረቀትም ከማንም አልተቀበሉም። ይሁን እንጂ በዘመኑ በኤውሮፓ ከታወቁት የቋንቋ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝ ዕውቀቱን ያስመረመረው፣ አማርኛንም የተማረው ከእሳቸው ዘንድ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ላይ የታተመው የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የእሳቸው ትምህርት ፍሬ ሆኖ ወጣ። እሳቸው ግን ይህን ፍሬ ሳያዩት ሞቱ። እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን። በኤውሮፓ ታሪክ ለማመዛዘን እንዲመች በሕይወታቸው ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልዳቸውና ዘመናቸው

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ፣ በጥንቱ የአማራ አገር፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ክፍል፣ መካነ ሥላሴ ከምትባል ሥፍራ ነው። መካነ ሥላሴ አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቁና በጌጡ የታወቀ፣ በ1531 በግራኝ ጦርነት ጊዜ የተቃጠለ የታላቅ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከጨዋ ወገን ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው መነኮሱ። የአፋቸው ቋንቋ አማርኛ፣ የመጽሐፋቸው ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ይህ የሁለት ቋንቋ ሀብት በኋላ ምን እንደ ጠቀማቸው እናያለን።

በጎልማሳነታቸው ጊዜ አገሪቱ በሃይማኖት ክርክር ተከፋፍላ ነበር። በ1607 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያን መነኮሳትን ትምህርት እየወደዱ ሄዱና በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን ገለጹ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ፓትርያርክ ከሮማ ተሹሞ መጣ፤ በሚከተለው ዓመትም የመንግሥቱ ሃይማኖት ተለወጠ ተብሎ ታወጀ። ከሊቃውንቱና ከመኳንንቱ አዲሱን ትምህርት የተቀበሉም፣ እንቢ ያሉም ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ የሜንዴዝን ወገን ከያዙት አንዱ ሆኑ።

የላስታ ደጋ ያመጣው ለውጥ

እዚህ ላይ ላስታን ማንሣት ግድ ነው። የንጉሥ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙበት ይህ ደጋ አገር፣ ገደሉና አምባው የሚጠብቀው፣ ከአባቶቹ የተረከበውን ሥርዓት በቀላሉ የማይለቅ ሕዝብ ያለበት ነው። በላስታ መልከዓ ክርስቶስ የሚባል የንጉሥ ዘር ነኝ ባይ ተነሣ፤ የአዲሱን ሃይማኖት አዋጅ ያልወደደው ገበሬም ተከተለው። የንጉሡ ጦር በተደጋጋሚ ወደ ላስታ ዘመተ፤ በተደጋጋሚም ዐቀበቱ ላይ ተመታ።

በ1632 በሰኔ ወር ላስታዎች ከደጋቸው ወርደው ከንጉሡ ጦር ጋር በገጠሙበት ውጊያ ድሉ የአፄ ሱስንዮስ ሆነ። ስምንት ሺህ ያህል የላስታ ሰው በአንድ ቀን ወደቀ ይባላል። ይሁን እንጂ ያ ድል ደስታን አላመጣም። የወደቁት የውጭ ጠላቶች ሳይሆኑ የአንድ አገር ልጆች፣ በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ልጃቸው ፋሲለደስም፣ መኳንንቱም ለንጉሡ አሳሰቧቸው። አፄ ሱስንዮስም ያንኑ ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱን ለፋሲለደስ ለቅቀው ያንኑ ዓመት ሞቱ። ጥቂት ቆይቶም ኢየሱሳውያን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

እንግዲህ በውጊያው የተሸነፈው የላስታ ገበሬ በጉዳዩ ረታ ማለት ነው። በዚያው ፍርድ አባ ጎርጎርዮስ ተረቱ፤ ከፓትርያርኩ ወገኖች ጋር አገራቸውን ለቀው ወጡ። አንደኛው ወገን ስለ እምነቱ በገዛ መሬቱ ላይ ሞተ፤ ሌላው ስለ እምነቱ የገዛ መሬቱን ለቀቀ። ዛሬ ያለን ሰዎች የሁለቱንም ጽናት ማክበር ይገባናል እንጂ፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ጠብ ልንጭርበት አይገባም። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የላስታ ደጋ ባይነሣ ኖሮ አባ ጎርጎርዮስ ሮማ ድረስ ባልሄዱም፣ ኤውሮፓም አማርኛን ከእሳቸው ባልተማረም ነበር።

ግዕዝ በአገር ቤት እንዴት ይፈተን ነበር

ወደ ሮማው ታሪክ ከመሄዳችን በፊት፣ በአገራችን የግዕዝ ዕውቀት በምን ይፈተን እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ከላስታ በስተ ደቡብ ያለችው ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስሟ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የሚጠራ አገር ናት። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ አስቀድሞ ግሱን ያወርዳል፤ ርባ ቅምሩንና አገባቡን ያጠናል። ቀጥሎ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። የቅኔው ዓይነት ከፍ ባለ መጠን ቤቱም፣ ምሥጢሩም፣ ችግሩም ይጨምራል። እንግዲህ ይህ በዛሬ አነጋገር ከአንደኛ ዓመት እስከ መጨረሻው ዓመት እንደሚወጣው ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።

ፈተናው የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ አይደለም። ተማሪው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ቆጥሮ ሲጨርስ ከመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይናገራል። መምህሩ ይሰማሉ። ቤቱ ከመታ፣ አገባቡ ከቀና፣ ሰሙና ወርቁ ከተስማማ ይቀበሉለታል። ግሱ ካልተገባ ወይም ምሥጢሩ ከጎደለ እዚያው ያርሙታል፤ በምን እንደ ተሳሳተም ይነግሩታል። ባልንጀሮቹም ቆመው ይሰማሉ፤ የአንዱ ስሕተት የሁሉም ትምህርት ይሆናል። ውጤቱ አያድርም። በመጨረሻም ተማሪው መምህር ለመባል ሲበቃ፣ መምህሩ ይመሰክሩለታል፤ ይህም ማስመስከር ይባላል።

ይህን ስንል የቅኔ ቤቱ አሠራር እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ፍርዱ በአንድ መምህር ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ መምህሩ ቢቆጡ ወይም ቢያደሉ ይግባኝ የሚባልበት ሥፍራ የለም። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ በደበሎ እየበረደው፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሳያውቅ ይኖራል። በሰው ፊት መታረምም ለሁሉም የሚቀል አይደለም። ሆኖም አንድ ታላቅ ነገር አለው፤ የሚፈትነው ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ ነው፤ የተፈተነውም የሳተውን ሳያውቅ አይሄድም።

የሮማው ፈተና

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ያለው የኢትዮጵያውያን ቤት ነበር። ከአገራችን የሚሄዱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከአሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የሚያርፉበት ይህ ቤት ለግዕዝ ትምህርት ትልቅ ውለታ የዋለ ነው። በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዚያ ቤት በነበሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነበር። አባ ጎርጎርዮስም ከብዙ እንግልት በኋላ ሮማ ደርሰው ማረፊያቸው ይኸው ቤት ሆነ።

በ1649 አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ወደዚህ ቤት መጣ። እሱም በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ቋንቋ መማር እንደ ምግብ የሚርበው ሰው ነበር፤ በሕይወቱ ዘመን ሃያ አምስት ያህል ቋንቋ ያውቅ እንደ ነበር ይነገርለታል። ግዕዝን የተማረው ግን ከሰው ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። በዘመኑ ኤውሮፓ ውስጥ በ1513 የታተመ የግዕዝ ዳዊት፣ በ1552 የወጣ አጭር ሰዋስው፣ በ1638 የወጣም መዝገበ ቃላት ነበር። መጻሕፍቱ ጥቂትና ስሕተት የበዛባቸው ነበሩ። ሉዶልፍ ይህን ስለ ተረዳ፣ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሮማ በተላከ ጊዜ ኢትዮጵያውያን በዚያ መኖራቸውን ሰምቶ ሊፈልጋቸው ሄደ።

እንግዲህ ያ ወጣት ዓመታት ሙሉ ብቻውን ያጠናውን ግዕዝ ይዞ ከአባ ጎርጎርዮስና ከባልንጀሮቻቸው ፊት ቀረበ፤ አንብቦም ሊናገር ሞከረ። መነኮሳቱ አጠራሩን በሰሙ ጊዜ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው ይባላል። በዚህ ሊፈረድባቸው አይገባም። ቀ፣ ጠ፣ ጰ፣ ጸ የሚባሉትን ድምፆች ከመጽሐፍ ላይ ሊማራቸው የሚችል ሰው የለም፤ ከሰው አፍ መስማት ግድ ነው። ፊደሉን ማወቅና ቋንቋውን ማወቅ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ሉዶልፍ በዚያች ሰዓት ተረዳ።

ልብ ልንለው የሚገባን ከሳቁ በኋላ የሆነው ነው። ሉዶልፍ ተቀይሞ አልሄደም። አባ ጎርጎርዮስም ስቀው አልተዉትም። ሁለቱ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው መጀመሪያ አንቶንዮ ዲ አንድራዴ የተባለ፣ የፖርቱጋልና የኢትዮጵያ ደም ያለው ካህን በጣልያንኛ አስተረጎመላቸው። ቀጥሎ ግን ግዕዙ ራሱ መነጋገሪያቸው ሆነ። ግዕዝ ለአንዱም ለሌላውም የእናት ቋንቋ አልነበረም፤ በቤት የሚነጋገሩበትም አልነበረም። ሉዶልፍ በላቲን ሰዋስው ሥርዓት ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ በአገራቸው ልማድ ይመልሳሉ። አንዱ የሌላውን አጠያየቅ እስኪለምድ ድረስ ሁለቱም ደከሙ። ሁለቱም ተማሪ፣ ሁለቱም መምህር ሆኑ ማለት ነው። ሉዶልፍ አማርኛ ከግዕዝ የተለየ፣ ሕያው፣ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን የተረዳው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በመስፍኑ ፊት

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት በሥራ ላይ ነበር። እኚህ መስፍን ትምህርት ወዳድ ነበሩ። በ1642 ባወጡት የትምህርት ደንብ በግዛታቸው ያሉ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ያዘዙ ናቸው። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ቢነግራቸው እንዲመጡ ፈለጉ። አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ከሮማ ተነሥተው የአልፕ ተራሮችን ተሻግረው ጀርመን ገቡ። የደጋ ሰው ናቸውና ብርዱ ሳይሆን ቋንቋው ሳያስቸግራቸው አልቀረም፤ ሉዶልፍ ግን መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ከሰኔ እስከ መስከረም በመስፍኑ ቤት ቆዩ። አሁን ፈተናው ተገለበጠ፤ በሮማ ፈታኝ የነበሩት መምህር በጎታ ተፈታኝ ሆኑ። መስፍኑና ሊቃውንቶቻቸው ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር፣ ስለ ወንዞቿ፣ ስለ ንጉሡ አገዛዝ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ እህሉና ስለ እንስሳው ጠየቁ። ሉዶልፍ እየተረጎመ መልሱን ጻፈ። በዚያን ጊዜ በኤውሮፓ ስለ አገራችን ይነገር የነበረው ከእውነት ይልቅ ተረት የበዛበት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ተረቱን ተረት አሉት። ካቶሊካዊውን መነኩሴ የተቀበሉት የሉተር ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ መስፍን መሆናቸውም ሲታሰብ፣ ለዕውቀት ሲባል የሃይማኖት ልዩነት ምን ያህል ሊታለፍ እንደሚችል ያሳያል። በአገራቸው በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱት ሰው በባዕድ አገር ሃይማኖታቸው ሳይጠየቅ ዕውቀታቸው ተጠየቀ።

የደብዳቤው ትምህርት ቤትና የባሕሩ አደጋ

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ከተመለሱ በኋላ ትምህርቱ በደብዳቤ ቀጠለ። ሉዶልፍ ያልገባውን ቃል ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ በግዕዝ ጽፈው ይመልሳሉ። ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። በዚያን ዘመን በመላው ኤውሮፓ የሉዶልፍን አማርኛ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ለማለት የሚችል ሌላ ሊቅ አልነበረም። የሚያርመው አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም በደብዳቤ ርቀት ላይ የሚኖር የመካነ ሥላሴ መነኩሴ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ከአገራቸው ከወጡ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውም ወደ ስድሳው ተሻግሯል። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ በሶርያ ዳርቻ፣ እስክንድሩና በሚባለው ወደብ አጠገብ ተሰበረች፤ እሳቸውም በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ወሬው ለሉዶልፍ በደረሰው ጊዜ ያዘነው ስለ ወዳጁ ብቻ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ወዲያ ጥያቄውን የሚመልስለት፣ ስሕተቱን የሚያርምለት ሰው አጥቷልና።

ዘግይቶ የወጣው ውጤት

የአባ ጎርጎርዮስ ድካም ውጤት መታየት የጀመረው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1661 የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተሙ። የኅትመቱን ሥራ የተቆጣጠረው ተማሪው ዋንስሌበን የራሱን ነገር ስለ ጨመረበት ሉዶልፍ አልተደሰተም፤ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 አርሞ እንደገና አሳተማቸው። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የሚለውን ታላቅ መጽሐፉን በላቲን ቋንቋ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንጉሥ ላሊበላና ከዐለት ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናትም ተጽፏል። መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ፣ በ1684 ደግሞ በፈረንሳይኛ ተተረጎመ። በ1691 ባወጣው ማብራሪያም የአባ ጎርጎርዮስን መልክ በሥዕል አስቀርጾ አተመው።

አማርኛን የሚመለከቱት ሁለቱ መጻሕፍት፣ ማለት ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ፣ በፍራንክፉርት የታተሙት በ1698 ነው። መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት፣ በጎታ ከተገናኙ አርባ ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር። ተማሪውም በዚያን ጊዜ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሆኗል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1704 ሞተ። ሉዶልፍን የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም። አባ ጎርጎርዮስን በስማቸው ጠርቶ፣ መምህሬና ወዳጄ ናቸው ብሎ ለዓለም አስታወቀ። እሱ ስማቸውን ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ እኛም ስለ እሳቸው የምንናገረው ጥቂት በሆነ ነበር።

በእሳቸው ፈለግ የሄዱ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም አሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1902 ጀምሮ በኢጣልያ በናፖሊ አማርኛን አስተማሩ። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ዛሬ በጀርመን አገር በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል። ተማሪው በስሙ ማዕከል ተሰየመለት፤ የመምህሩን ስም ግን ከአገራቸው ተማሪዎች እንኳ ስንቱ ያውቀዋል?

ከታሪካቸው የምንማረው

ይህን ታሪክ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ያቀረብነው ለማስተዛዘን አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋ ትምህርት በተከታታይ ምዘናና በመጨረሻ ፈተና ይመዘናል። ተከታታይ ምዘና የተባለው ነገር በአሳቡ መልካም ነው፤ ከቅኔ ቤቱ ዕለታዊ እርማትም ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን ተከታታይ የሚሆነው ፈተናው ብቻ ሆኖ እርማቱ ካልተከተለ፣ አንዱን ትልቅ ፈተና በአምስት ትናንሽ ፈተናዎች መለወጥ ብቻ ይሆናል። ተማሪው በመጀመሪያው ወር የሳተውን በመጨረሻው ወር መልሶ ይስተዋል፤ የነገረው የለምና።

ሁለተኛም፣ የቋንቋ ፈተና በወረቀት ብቻ ሲሆን የሚለካው ከፊሉን ነው። ሉዶልፍ በወረቀት ቢፈተን ኖሮ በመላው ኤውሮፓ አንደኛ በወጣ ነበር። ቋንቋውን ከሚናገር ሰው ፊት በቆመ ጊዜ ግን ዕውቀቱ የት ላይ እንደ ጎደለ ታወቀ። በእኛም ዘንድ በእንግሊዝኛ ትምህርት ከፍተኛ ነጥብ አግኝተው፣ ሥራ ለመቀጠር ከጠያቂዎች ፊት ሲቀርቡ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ የሚቸግራቸው ብዙዎች ናቸው። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተናገሩ ተብለው ያልተፈተኑ ሊሆኑ ይችላሉ። በአማርኛም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ተመርቆ ቢሮ የገባ ወጣት አንዲት የአቤቱታ መልስ አሳምሮ መጻፍ ሲያቅተው ባለጉዳዩ ይጉላላል። መምህራን ጥቂት፣ ተማሪዎች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ እያንዳንዱን ተማሪ አቅርቦ ማነጋገር የማይቻል ነገር አይመስለንም።

ሦስተኛው የውጤቱ ጉዳይ ነው። ድሮ ውጤት በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ይታያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማግኘት ይጠበቅበታል። ውጤቱ ቶሎ መድረሱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። 47 ያገኘ ተማሪ ሦስቱን ነጥብ በምን እንዳጣ ካልተነገረው፣ ቁጥሩ ሐዘን ይሰጠዋል እንጂ ትምህርት አይሰጠውም። የዋድላ የቅኔ መምህር ተማሪውን አልቀበልህም ሲሉት ምክንያቱን ጨምረው ነበር የሚነግሩት። ከላስታና ከዋድላ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው የዛሬው ወጣት፣ አያቱ በዛፍ ሥር ያገኘው የነበረውን ይህን መብት በአዳራሽ ውስጥ ሊያጣው አይገባም።

ለተማሪውም የምንለው አለን። በስሕተቱ የተሳቀበት ሉዶልፍ ደጁን ዘግቶ አልሄደም፤ የሳቁበትን ሰዎች መምህራኑ አደረጋቸው። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ተማሪ መምህሩን ለመውቀስ ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን ለማየትና ስሕተቱን ለመጠየቅ ቢሄድ የበለጠ ይጠቀማል። መምህሩም በሩን ቢከፍትለት ክብሩ አይጎድልም።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ያጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ስደተኛ ሳሉ የያዙትን ቋንቋ ለጠየቃቸው ሰው ሳይነፍጉ ሰጡ። ደመወዝም፣ ማዕረግም፣ የሥራቸውን መጨረሻ ማየትም አልተሰጣቸውም። በአገራችን የቋንቋ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ ይልቁንም በወሎ ያሉት፣ አንዲት የማስተማሪያ አዳራሽ ወይም የንባብ ክፍል በስማቸው ቢሰይሙ ለዘገየው ምስክርነት ጥቂት ማካካሻ ይሆናል።